ፊደልና ቅጠል አንድ ላይ ሳትም ለምን የሻይ ማሸጊያ ይመስልብኛል?

አበባ አታሚዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ከስድስት ወር ወዲህ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሊኖ፣ ማለትም ተቀርጾ ቀለም ተቀብቶ የሚታተምበትን ለስላሳ ንጣፍ፣ እቀርጻለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፣ ቪዲዮ እያየሁ ነው የጀመርኩት። ቤቴ ጠባብ ናት፣ ማተሚያ ማሽን የለኝም፣ ወረቀቱን ሊኖው ላይ ዘርግቼ በማንኪያ ጀርባ እያሸሁ ነው የማትመው። መሥራት የምፈልገው ረቂቅ ነገር ነው። ቅጠል፣ ግንድ፣ ሥር፣ ዘር ከፊደላችን ጋር ተደባልቆ፣ የቱ ፊደል የቱ ቅጠል እንደሆነ በአንዴ እንዳይለይ። ጭንቅላቴ ውስጥ ሲታየኝ በጣም ያምራል። ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን የሻይ ቅጠል ማሸጊያ ይሆናል። ከላይ ቅጠል፣ ከታች ጽሑፍ፣ አለቀ።

የመጀመሪያ ጉዴን ልንገራችሁና ሳቁብኝ። "አበባ" የሚለውን ቃል ሁለት ማታ ሙሉ ቀረጽኩት። ሲታተም እንደሚገለበጥ አውቃለሁ፣ ቪዲዮው ላይ መቶ ጊዜ ተነግሮኛል፣ እጅ ግን ለካ የለመደውን ነው የሚሠራው። ወረቀቱን ሳነሳው ከግራ ጀምሮ "ቦበ" ይልና ጫፉ ላይ ፊቱን ያዞረ አ ቆሟል። ባ ስትገለበጥ ቦ እንደምትሆን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ረጅሙ እግር ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር ሌላ ፊደል ሆነ። በ ግን ምንም አልሆነችም፣ ብትገለብጧትም ባትገለብጧትም ያው በ ናት። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ አበባን ቦበ ብዬ አተምኩላችሁ።

አሁን መገልበጡን ለምጄዋለሁ። የቀሩኝ ችግሮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ፊደሉና ቅጠሉ አይዋሃዱም፣ ፊደሉን ከኮምፒውተር አትሜ ነው የምገለብጠው፣ ቅጠሉን ደግሞ ከእውነተኛ ቅጠል አይቼ እስላለሁ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ የተጣሉ ባልና ሚስት ይመስላሉ። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ቅጠል ቀለም ቀብቼ ለማተም ስሞክር የደም ሥሮቹ በቀለም ይሞላሉ፣ ጥቁር እድፍ ብቻ ይቀራል። ሦስተኛው ትልቁ ነው። ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ሁሉም የሚጠይቁኝ "ምን ይላል?" ብለው ነው። አንዷ አስር ደቂቃ ሙሉ ለማንበብ ስትታገል ቆይታ ሥዕሉን ሳታየው ተነሳች። መነበብ አለበት እንዴ?

ማንኪያ ፕሬስ፦

የቅጠሉን ነገር እኔ ልመልስልሽ፣ በዚህ ብዙ ወረቀት አቃጥያለሁ።

ትኩስ ቅጠል አትጠቀሚ። ውሃው ከቀለሙ ጋር ይደባለቃል። መጽሐፍ መሃል ለሁለት ቀን ያህል አስቀምጪው። ከዚያ በላይ ካቆየሽው ደግሞ ይደርቅና ስታሺው ይሰነጠቃል። ቀለሙን የምትቀቢው በጀርባው በኩል ነው፣ ከፊት በኩል ለስላሳ ነው፣ የደም ሥሮቹ ጎላ ብለው የሚወጡት ከጀርባ ነው። ዋንዛ ሞክሪ፣ ሰፊ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ሥሮቹ እንደ ካርታ ይወጣሉ። ወይራ ለጀማሪ አይሆንም፣ ጠባብና ጠንካራ ስለሆነ ከወረቀቱ ጋር አይግባባም።

እድፍ የሚሆንብሽ ቀለም ስለሚበዛ ነው። ሮለሩን ቀለሙ ላይ ስታንከባልዪው ጆሮሽን ስጪው። ቸፕ ቸፕ እያለ ከተጣበቀ በዝቷል። ስስ የሹክሹክታ ድምፅ ካወጣ ልክ ነው። ቀልድ አይደለም፣ አታሚ በጆሮው ነው ቀለም የሚለካው። ሌላው፣ አንዴ ካተምሽ በኋላ ቀለም ሳትጨምሪ ያንኑ ቅጠል ሌላ ወረቀት ላይ ድገሚው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ይበልጣል። ገረጣ ይላል፣ ጥቃቅኑ ሥር ሁሉ ይታያል።

አንዱን ቅጠል ደጋግመሽ ማተም ከፈለግሽ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፊው፣ ሲደርቅ ቫርኒሽ ቀቢው፣ ከዚያ ራሱ ማተሚያ ሆነልሽ። ኮላግራፍ የሚሉት እሱን ነው። ፊደሉንም ከካርቶን ቆርጠሽ አጠገቡ መለጠፍ ትችያለሽ።

ለመገልበጡ መስታወት ምናምን አያስፈልግሽም። ፊደሉን ስስ ወረቀት ላይ ለስላሳ እርሳስ ተጫን አድርገሽ ጻፊው፣ ፊቱን ሊኖው ላይ ድፊው፣ ጀርባውን በማንኪያ እሺው። እርሳሱ ተገልብጦ ሊኖው ላይ ያርፋል፣ ስታትሚው ይቃናል። ሊኖው ከደረቀብሽም ትንሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ እንደ ቅቤ ይቆረጥልሻል።

ስለ ረቂቁ ነገር አላውቅም፣ እኔ የማትመው ዶሮ ነው 😄

የብርዕ ልጅ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ችግሩን ራስሽ ተናግረሽዋል፣ ግን አላየሽውም። "ፊደሉን ከኮምፒውተር፣ ቅጠሉን ከቅጠል" አልሽ። ሁለት እጅ ነው የሠራው። እንዴት ይዋሃድ?

የብራና መጽሐፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? መክፈቻው ገጽ ላይ ከጽሑፉ በላይ እየተጠላለፈ የሚሄድ ጌጥ አለ፣ አንዳንዴ በጎንና በጎን ይወርዳል፣ በዓምዶቹ መሃልም ይገባል። ስሙ ሐረግ ነው። ተክል ነው እንግዲህ ስሙ፣ ግንድ ላይ የሚጠመጠመው ያው ሐረግ። እዚያም ቢሆን ተክሉ ከላይ ነው፣ ጽሑፉ ከታች ነው፣ አንቺ ከጠላሽው አቀማመጥ ብዙ አይለይም። የሻይ ማሸጊያ ግን አይመስልም። የቆረጡት ብርዕ መስመሩን ስለሚገዛው ነው። ፊደሉ ወፍሮ ሲወርድና ቀጥኖ ሲዞር ሐረጉም እንደዚያው ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ቀለሙም ያው ጥቁርና ቀይ ነው፣ ሐረጉ ላይ ሌላ ቢጨመርበትም። ዓይንሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ድንበር አይሻገርም።

ስለዚህ የኮምፒውተሩን ፊደል ጣይው። በእጅሽ ጻፊ፣ አስቀያሚ ቢሆንም። ከዚያ ቅጠሉንም ፊደሉንም በአንድ መቅረጫ ብቻ ቅረጪ። አንድ ምላጭ፣ አንድ ስፋት። እስቲ አንድ ወር እንዲህ ሥሪና ያኔ እንነጋገር።

ሁለተኛ ነገር። ፊደላችንን እንደ ተዘጋጀ ዕቃ አትይው፣ ራሱ የሚያድግ ነገር ነው። በ ብለሽ ጀምሪ። ቡ ስትሆን በቀኝ ወገቧ ላይ ቀንበጥ ታወጣለች። ቢ ስትሆን ቀንበጡ ወደ እግሯ ይወርዳል። ባ ላይ አንድ እግር ይረዝማል። ቤ ላይ እግሯ ጫፍ ፍሬ ያንጠለጥላል። ብ ላይ ቀንበጡ ወደ ግራ ይዞራል። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ደረጃ ነው፣ እንደ ተክል። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ብታባዢው 231 ይመጣል፣ ዲቃሎቹን ሳትቆጥሪ። ዕድሜ ልክሽን ብትቀርጪ አያልቅብሽም።

ስማቸውንም አስቢው። መ በጥንቱ ስሟ ማይ ናት፣ ማይ በግዕዝ ውሃ ነው። ዐ ዐይን ናት፣ ዛሬም ክብ ናት። ረ ርእስ ናት፣ ራስ ማለት ነው። በ ቤት ናት። ፊደሉ ድሮ ከነገሩ ነው የወጣው፣ አንቺ ወደ ነገሩ ብትመልሺው እንግዳ ሥራ አይሆንም።

ደግሞ ይሄ ነገር እዚህ አገር አዲስ አይደለም። ካርል ሄንዝ ሀንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ የእንጨት ህትመት ሠዓሊ፣ ባሂያ የሚለውን ስም ከኖረበት የብራዚል አገር ወስዶ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ህትመት አስተምሯል። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። የዘሪሁንን የእንጨት ህትመቶች ፈልገሽ እያቸው። በኋላ በቀርከሃ ቁርጥራጭ ላይ የሠራቸውንም እይ፣ የክታብ ዓይኖችና ምልክቶች እዚያ ላይ እንዴት እንደገቡ ልብ በይ። ምንም የተለጠፈ ነገር የለውም።

ግልጽ ነገር፦

ሰው ሁሉ ሲያሞጋግስ እኔ ልቃወም። ፊደል የተፈጠረው ለመነበብ ነው። የማይነበብ ፊደል የማይበላ እንጀራ ነው። ጓደኞችሽ "ምን ይላል?" ማለታቸው ጥፋት አይደለም፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቁሽ። መልስ ስታጪላቸው "ረቂቅ ነው" ትያለሽ። ይቅርታ፣ ግን አሁን አሁን በየካፌው ግድግዳ ላይ የምናየው ፊደል ሁሉ እንዲህ ነው። ሀ ሁ ሂ በትኖ ቡናማ ቀለም ማፍሰስ፣ በቃ ባህል ሆነ፣ ለቱሪስት ተሸጠ።

ቃል ካለሽ ጻፊው፣ ቃል ከሌለሽ ቅጠሉን ብቻ አትሚ። ለምን ሁለቱን ታደክሚያቸዋለሽ?

በነገራችን ላይ የመገልበጡን ነገር ስታነሺ ቡንም ገልብጠሽ እይው፣ ብ ይሆንልሻል። ቀንበጡ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። ቡና ብለሽ ቀርጸሽ ብና የሚመስል ነገር እንዳታትሚ።

አበባ አታሚዋ፦

ቡና ቀርጬ ነበር 😭 ለዚህ ነው ለካ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። "ሁለት እጅ ነው የሠራው" ያሉኝ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ግልጽ ነገር፣ ያንተም ነጥብ አለው፣ የካፌውን ግድግዳ እኔም አልወደውም፣ ግን የካፌው ግድግዳ አስቀያሚ ስለሆነ ፊደል ሁሉ መነበብ አለበት ማለት አይደለም። ክራር የሚመታ ሰው ሁልጊዜ ግጥም ይላል እንዴ?

ማንኪያ ፕሬስ፣ ዋንዛውን ከሥራ ቦታ ግቢ ለቀምኩ። ጥበቃው ምን ልታደርጊበት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ላትመው ነው ስለው ዝም አለኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እናት፦

ለግልጽ ነገር መልስ አለኝ።

የአስራ አንድ ዓመት ልጅ አለኝ፣ እዚህ የተወለደ። አማርኛ ይሰማል፣ ፊደል ግን አይለይም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልኬው ነበር፣ እኔም እሱም ደከመን። አንድ ቀን የወሰኔ ኮስሮፍን ሥራ በስልኬ አሳየሁት። ወሰኔን የማታውቁት ካላችሁ፣ አራት ኪሎ ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከዚያ እዚህ ዋሽንግተን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለተኛ ዲግሪውን የጨረሰ ሠዓሊ ነው። ህትመት ሳይሆን ቀለም ቅብ ነው ሥራው፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በአማርኛ ፊደል ነው። እየለጠጠ፣ እያጠመዘዘ፣ እየሰባበረ። እኔ ስመለከተው ዓይኔ እንደ አበባ አታሚዋ ጓደኞች ቃል ፍለጋ ሄደ። ይቺ ለ ናት፣ ይቺ ግማሽ መ ናት፣ ምን ለማለት ነው እያልኩ። ልጄ ደግሞ "ይሄ አበባ ነው፣ ግንድ አለው" አለኝ፣ ጣቱን ቀ ላይ አድርጎ። ሰን ደግሞ ሥር ያወጣ ነገር ነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ክብ በግንድ ላይ፣ ግንድ በሁለት ሥር ላይ። አርባ ዓመት ሳነብ ኖሬ አይቼው አላውቅም።

ማንበብ የሚችል ሰው ፊደሉን አያየውም፣ አልፎት ነው የሚሄደው። ልጄ አላለፈውም። ከዚያ በኋላ ነው ቀ ማን እንደምትባል የጠየቀኝ፣ አሁን ወደ ሃያ የሚሆኑ ፊደሎች ያውቃል። የማይነበበው ሥዕል ነው ያስነበበው ብዬ ብናገር ትስቁብኛላችሁ።

ዋሽንግተን ለመጣ ሰው ደግሞ ኤምባሲያችን ያለውን ኔክሰስን ሳታዩ እንዳትመለሱ። እስክንድር ቦጎሲያንና ከበደች ተክለአብ አብረው የሠሩት የአሉሚኒየም ሥራ ነው። እስክንድር ሀዋርድ ብዙ ዓመት አስተምሯል፣ ወሰኔም የእሱ ተማሪ ነበር። እኔ ፓስፖርት ላሳድስ ሄጄ ነው ያየሁት፣ ወረፋው ባይረዝም ኖሮ ቀና ብዬም አላየውም ነበር።

ከለንደን፦

ጎረቤታችንን ሱዳንን ለምን ረሳችሁ? ሠዓሊው ኢብራሂም ኤል ሳላሂ። እ.ኤ.አ. በ1930 ኦምዱርማን የተወለደ። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚህ ያለው የሥዕል ሙዚየም ቴት ሞደርን ትልቅ ዐውደ ርእይ አሳይቶለት ነበር፣ ያን ጊዜ ገብቼ ሦስት ሰዓት ቆየሁ፣ እግሬ አበጠ።

ሰውየው ለንደን ተምሮ አገሩ ሲመለስ ካርቱም ላይ ሥዕሉን አሳየ፣ ሰው ግን ዞር ብሎ አላየለትም። ለምን ብሎ አገር ለአገር ዞረ። በየቤቱ ያለው ጌጥና የአረብኛ ጽሑፍ ነበር። ከዚያ ሥዕሉ ጥግ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ማስገባት ጀመረ፣ ሰውም ቀረብ አለ። ቀጥሎ ፊደሉን አሳደገው። ቀጥሎ ሰበረው። ሲሰብረው ከውስጡ እንስሳ፣ ተክል፣ የሰው ፊት መውጣት ጀመረ፣ ይህን ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሮታል። አበባ አታሚዋ፣ አንቺ በተገላቢጦሹ ነው የሄድሽው፣ ፊደሉን ሙሉውን ትተሽ ቅጠል ትጨምሪበታለሽ። ስበሪው እንጂ። በቅድሚያ መነበቡ ይሂድ፣ ከዚያ የቀረውን እግርና ቀለበት ምን ይመስላል ብለሽ ጠይቂው።

እኚሁ ሰው በኋላ አንድ ዛፍ ይዘው ለዓመታት ሠርተዋል፣ ሐራዝ የሚባል የግራር ዓይነት። ክረምት ዝናብ ሲጥል ቅጠሉን ያራግፋል፣ በጋ ሁሉ ነገር ሲደርቅ ይለመልማል። እኛም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሞልቶናል። አንድ ዛፍ ብቻ መርጠሽ ብትቆዪ ከዋንዛ ወደ ወይራ ወደ ጌሾ ከመዝለል ይሻላል ባይ ነኝ።

ግልጽ ነገር፦

የልጁ ታሪክ ደስ ይላል፣ እሺ። ግን ልጁ በመጨረሻ ፊደሉን አነበበው እኮ! እኔ ያልኩትስ ምን ነበር?

የብርዕ ልጅ፦

አቶ ግልጽ ነገር፣ አይዞህ፣ ማንም ማንበብ አልከለከለህም። ፊደላችን መጀመሪያ በማተሚያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ነው፣ መዝሙረ ዳዊት። ለማንበብ ነው የታተመው። ያን ጊዜም ቀራጩ ፊደሉን ብረት ላይ ሲቀርጽ ገልብጦ ነው፣ ለአንባቢ የሚቃናው አታሚው ተገልብጦ ሲያይ ነው። አታሚ ሁለቱንም ያያል ለማለት ነው እንጂ ክርክር አይደለም።

ልጄ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከክታብ ወይም ከጸሎት መጽሐፍ ዝም ብለሽ ዓረፍተ ነገር እየወሰድሽ አትቀርጪ። ለአንቺ ቅርጽ ነው፣ ለአንዳንዱ ሰው ግን ጸሎት ነው፣ የተበላሸውን ወረቀት ደግሞ የት ልትጥዪው ነው? ነጠላ ፊደል ይበቃሻል።

አበባ አታሚዋ፦

ሁለት ሳምንት ጠፍቼ መጣሁ።

የኮምፒውተሩን ፊደል ትቻለሁ። አንድ መቅረጫ ብቻ ይዤ ባን ብቻዋን ቀረጽኩ፣ አንድ ክንድ በሚሞላ ሊኖ ላይ። ረጅሙን እግር ወደ ታች ሳወርደው ጉልበቱ ጋ ምላጩ አመለጠኝና ጎኑን ጨረፈው። ተናድጄ ልጥለው ነበር። ከዚያ የጨረፈውን አየሁት፣ ቀንበጥ ነው። እሱን ተከትዬ ሌላ ጨመርኩ፣ እግሩ ሐረግ ሆኖ ወረደ። የዋንዛውን ሁለተኛ ህትመት፣ ያንን የገረጣውን፣ ከሥር አድርጌ ባን ከላይ አተምኩበት። የቅጠሉ ደም ሥርና የእኔ ጭረት ስፋታቸው አንድ ሆኖ ተገናኘ። ማንም ምን ይላል ብሎ አልጠየቀኝም። እናቴ ብቻ "ይሄ የጎመን ተክል ነው?" አለችኝ።

ከስምንቱ ወረቀት አምስቱ ተበላሹ። ሁለት ጊዜ ሲታተም ወረቀቱ ይንሸራተትብኛል፣ ፊደሉ ከቅጠሉ ላይ ይወርዳል። ማንኪያ ፕሬስ፣ ይሄን እንዴት ነው የምትይዘው?

ማንኪያ ፕሬስ፦

ቀላል ነው። የሊኖውን አራት ማዕዘን ካርቶን ላይ በእርሳስ ክበቢው። ወረቀቱን ካርቶኑ ጫፍ ላይ በፕላስተር አጣብቂው፣ እንደ በር እንዲከፈትና እንዲዘጋ። ቅጠሉንም ሊኖውንም በየተራ እዚያው ምልክት ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ፣ ወረቀቱን ትዘጊዋለሽ፣ ታሺዋለሽ። የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትድገሚ፣ የዘይት ቀለም ከሆነ ሦስት አራት ቀን ጠብቂው። ዕቃውን በላምባ አትጠቢ፣ ቤትሽ ጠባብ ነው ብለሻል፣ ሽታው አያስተኛሽም። በምግብ ዘይት አስለቅቂው፣ ከዚያ በሳሙና።

የጎመኗን ፎቶ ለጥፊልን።